የጥሪ ጎርፍን ማማ ብቻውን አያቆመውም

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ሥዑር ነበር። የፋሲካ ዋዜማ ስለሆነ አገሩ ሁሉ “እንኳን አደረሳችሁ” ለማለት ስልኩን የሚያነሳበት ቀን ነው። በዚያው ጠዋት ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ካርቱም ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ከሳንጃ፣ ከአብደራፊ፣ ከገንዳ ውኃ፣ ከቋራ ለሥራ ወደ ሱዳን የተሻገረ ወንድም ወይም ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት የጥሪ ምክንያቶች ተደራረቡ፤ አንዱ የደስታ፣ ሌላው የጭንቅ።

እንዲህ ባለ ቀን ስልክ እምቢ ሲል ምን እንደሚባል እናውቃለን። አንደኛው መልስ “ማማ ይጨመር” ነው። ሁለተኛው “ተወዳዳሪ ኩባንያ ቢበዛ ይሄ ሁሉ አይመጣም” የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ከሻይ ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ ይሰማሉ፤ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደሉም። ችግሩ ግን ድንገተኛ የጥሪ ጎርፍ የሚባለውን ነገር ከተራ የኔትወርክ እጥረት ጋር አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ትችት እዚህ ላይ ያተኩራል።

ሁለት ዓይነት ጎርፍ

የፋሲካው ጥሪ ከየትም ወደ የትም የሚሄድ ነው። ሳንጃ ወደ ጎንደር ይደውላል፣ ጎንደር ወደ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ወደ ጅማ። ጫናው በመላው ኔትወርክ ላይ ይበተናል። የካርቱሙ ጥሪ ግን ከየትም ተነስቶ ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋል። ከሺህ አቅጣጫ የመጣ ሰው በአንድ በር ልግባ እንደሚለው ማለት ነው።

በጎንደር ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ሲሰበሰብ፣ ወይም በሰሊጥ አጨዳ ወራት የቀን ሠራተኛው በብዛት ወደ ቆላው ሲወርድ የሚፈጠረው ደግሞ ሦስተኛ መልክ አለው። እዚያ የሚጠበው ስልኩን ከማማው ጋር የሚያገናኘው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ይሄኛውን ማማ መጨመር፣ ወይም በመኪና የሚጫን ጊዜያዊ ማማ ማቆም በእርግጥ ይፈታዋል። “ማማ ይጨመር” የሚለው መልስ ትክክል የሚሆነው እዚህ ነው።

አሁን አንዲት እናት ሳንጃ ላይ ሆነው ካርቱም ወዳለ ልጃቸው ሲደውሉ ጥሪው የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ከስልካቸው ወደ ማማው፣ ከማማው ወደ ዋናው ኔትወርክ ስዊች፣ ከዚያ ወደ ዓለም አቀፍ መውጫ በር፣ ከመውጫው ወደ ሱዳኑ ኩባንያ በር፣ ከዚያ ወደ ካርቱም ማማ፣ በመጨረሻ ወደ ልጃቸው ስልክ። ማማው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። የጠበበው የመውጫው በር ከሆነ ሳንጃ ላይ አምስት ማማ ቢተከል ወደዚያ ጠባብ በር የሚገፋው ሰው ይበዛል እንጂ በሩ አይሰፋም። እንዲያውም ነገሩን ሊያብሰው ይችላል፤ ምክንያቱን ከታች እናያለን።

መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የሚለያያቸው አንድ ድልድይ ነው። በድምፅ ሊጠራሩ የሚችሉ ሰዎች በስልክ ሲደዋወሉ ግን አንዱ በ251፣ ሌላው በ249 ከሆነ ጥሪው ዓለም አቀፍ ጥሪ ነው። በሁለቱ አገሮች መውጫ በሮች ዞሮ ነው ድልድዩን የሚሻገረው።

ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሒሳብ

ይህንን ነገር በሒሳብ ያስቀመጠው በኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ቀመር ዛሬም በዓለም ዙሪያ የስልክ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ነው። የጫና መለኪያውም በስሙ ኤርላንግ ይባላል። አንድ መስመር ለአንድ ሰዓት ሙሉ ከተያዘ አንድ ኤርላንግ ነው።

በሁለት ኔትወርኮች መካከል 30 መስመር አለ እንበል። ቀመሩ እንደሚለው በእነዚህ 30 መስመሮች ላይ 20 ኤርላንግ ያህል ጫና ቢመጣ ከመቶ ጥሪ አንዱ ገደማ ብቻ ነው የማይሳካው። ይሄ ጥሩ አገልግሎት ነው። አሁን በአንድ ሰዓት ውስጥ 1,200 ሰዎች ደወሉና እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ ማውራት ፈለጉ እንበል። 1,200 በ3 ሲባዛ 3,600 ደቂቃ፣ ማለትም 60 ኤርላንግ ነው። ቀመሩን ስናሰላው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥሪዎች ይወድቃሉ።

አሁን ያንኑ 1,200 ሰው፣ ያንኑ 30 መስመር እንያዝ። የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዉ ሦስት ደቂቃ በማውራት ፋንታ አንድ ደቂቃ ያውራ። ጫናው ወደ 20 ኤርላንግ ይወርዳል። የማይሳካው ጥሪ እንደገና ከመቶ አንድ ገደማ ይሆናል። አንድም መስመር አልተጨመረም፣ አንድም ማማ አልተተከለም። (ጥሪ ለማገናኘት የሚባክኑ ጥቂት ሰከንዶች ስላሉ በተግባር ውጤቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ መልእክቱ ግን አይለወጥም።)

ይሄ ስሌት “አቅም ይጨመር” ለሚለው ክርክር ከባድ ጥያቄ ነው። በዓመት ለጥቂት ሰዓታት ለሚመጣ ጎርፍ ሦስት እጥፍ መስመር ገዝቶ ቀሪውን ዓመት ባዶ ማቆየት የትም አገር አይደረግም፤ መደረግም የለበትም። ስለዚህ ጥያቄው “ስንት መስመር አለን?” ብቻ ሳይሆን “ያለንን መስመር በክፉ ቀን እንዴት እናካፍለዋለን?” የሚል መሆን አለበት። በበዓል ዋዜማ የድምፅ ጥቅል በርካሽ መሸጥ የተለመደ ንግድ ነው፤ ይሁንና በጣም በተጨናነቀው ሰዓት ሰው ረዥም እንዲያወራ ማበረታታት ከዚህ ስሌት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ቅናሹ ለዋዜማው ምሽት ሳይሆን ለበዓሉ ማግስት ቢሆን ጫናው ይበተን ነበር።

ደግሞ ደውል፣ ደግሞ ደውል

ቀመሩ አንድ የዋህ ግምት አለው። ጥሪው ያልተሳካለት ሰው ስልኩን አስቀምጦ ይሄዳል ብሎ ያስባል። እኛ ግን እንዲያ አናደርግም። በተለይ ልጃችን ጦርነት ውስጥ ከሆነ!

ከላይ ባለው ምሳሌ ያልተሳካላቸው 600 ያህል ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ ደግመው ቢሞክሩ 3,000 ተጨማሪ ሙከራ ይመጣል። ሙከራ ነጻ አይደለም። ስዊቹ ቁጥሩን ማንበብ፣ መንገድ መፈለግ፣ ከሌላው ኔትወርክ ጋር መልእክት መለዋወጥ፣ መጨረሻ ላይ “አልተቻለም” ማለት አለበት። ይህን ሁሉ የሚሠራው ምንም ወሬ ላልተወራበት ጥሪ ነው። ሙከራው ሲበዛ ስዊቹ ጊዜውን እምቢ በማለት ያጠፋና ሊሳካ ይችል የነበረውንም ጥሪ ማገናኘት ያቅተዋል። በበዓል ዋዜማ መናኸሪያ በር ላይ የሚገፋፋውን ሰው አስቡት፤ ትኬት የሌለው ሲጋፋ ትኬት ያለውም አይገባም፣ መኪናው ግማሽ ባዶውን ቆሞ ይቀራል። ጫና ሲጨምር የሚሳካው ጥሪ ቁጥር ባለበት ቢቆም መልካም ነበር፤ ጭራሽ ይወርዳል።

የሚስኮል ልማዳችንም እዚህ ላይ ይገባል። በተራ ቀን ሚስኮል ማድረግ ሒሳብ መቆጠቢያ ነው። በጎርፍ ቀን ግን ኔትወርኩን ሙሉ የማገናኘት ሥራ አሠርቶ አንድ ቃል ሳያስተላልፍ የሚቀር ጥሪ ነው።

“ሁለተኛ ኩባንያ ከመጣ…”

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር በኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ አዲስ ነገር መጣ፤ ከ09 ወደ 07 የሚደረግ ጥሪ። ውድድር ለዋጋም ለአገልግሎትም ጥሩ ነው፤ ክርክሬ እሱ ላይ አይደለም። ነገር ግን ውድድር የጥሪ ጎርፍን በራሱ አይፈታም። እንዲያውም ከዚህ በፊት ያልነበረ አዲስ በር ይፈጥራል፤ የሁለቱ ኔትወርኮች መገናኛ።

ሁለት ኔትወርኮች በየወረዳው አይገናኙም፤ በተወሰኑ መገናኛ ነጥቦች ነው የሚተሳሰሩት። ሳንጃ ያለ የ09 ስልክ ጎንደር ወዳለ የ07 ስልክ ሲደውል ጥሪው በዚያ ነጥብ ማለፍ አለበት። እዚያ ያለው አቅም የሚወሰነው በስምምነት ነው፤ ስምምነቱ ደግሞ በተለመደው ቀን ትራፊክ ላይ ይመሠረታል። አንደኛው ኩባንያ የራሱን ኔትወርክ ምንም ያህል ቢያሰፋ መገናኛውን ብቻውን ማስፋት አይችልም።

ኤርላንግ እዚህም የሚለው አለው። 100 መስመር በአንድ ላይ ሲሆን ከመቶ አንድ ጥሪ ብቻ እየወደቀ 84 ኤርላንግ ይሸከማል። ያው 100 መስመር በአሥር በአሥር ተከፋፍሎ ለየብቻው ቢሠራ እያንዳንዱ አሥር 4.5 ያህል ብቻ ነው የሚሸከመው፤ ድምሩ 45 ገደማ። አቅምን መከፋፈል ዋጋ አለው። ስለዚህ ኩባንያዎች በበዙ ቁጥር የመገናኛው አስተዳደር ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የሥልጣን ጉዳይ ነው። በካርቱም ዓይነት ጎርፍ ላይ የሚጎዳው የተቀባዩ ኔትወርክ ነው፤ ጎርፉን ከምንጩ ማስቆም የሚችለው ደግሞ የደዋዩ ኔትወርክ ነው። የተጎዳው መድኃኒቱ የለውም፣ መድኃኒቱ ያለው አልተጎዳም። ለምን ከምንጩ? ካርቱም በር ድረስ ሄዶ የሚወድቅ ጥሪ እስኪወድቅ ድረስ በመንገዱ ላይ ያሉትን መስመሮች ለጥቂት ሰከንዶች ይዟል። እነዚያ ሰከንዶች ሳንጃ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰቦች ጎንደር ሆስፒታል ለመደወል የሚያስፈልጓቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የማይሳካ ጥሪ መቆም ካለበት የሚቆመው ገና ሲነሳ ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ ያላቸው መሣሪያ ጥሪን ማራራቅ ነው። ወደ ተጨናነቀው አቅጣጫ ለምሳሌ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጥሪ ብቻ ይለቀቃል፤ የቀረው እዚያው ምንጩ ላይ ይመለሳል። ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋም አለ። በቆየው የስልክ ምልክት ሥርዓት ውስጥ አንዱ ስዊች ለሌላው “ተጨናንቄአለሁ” ብሎ ደረጃውን የሚልክበት መንገድ ተቀምጧል። በኢንተርኔት ፕሮቶኮል በሚሠራው አዲሱ ሥርዓት ደግሞ 503 የሚባለው ምላሽ “ከዚህን ያህል ሰከንድ በኋላ ሞክር” የሚል ቃል መያዝ ይችላል። ቴክኖሎጂው አለ። የሚያስፈልገው ሁለቱ ወገኖች ምልክቱን ለመላክም፣ ሲደርሳቸው ለመታዘዝም አስቀድመው መስማማታቸው ነው።

የቀዳው ድምፅ

አሁን ከሁሉም በላይ መታረም አለበት ወደምለው ነገር ልምጣ። ይሄኛው ማማም፣ አዲስ መስመርም አይፈልግም።

አንድ ጥሪ ሲወድቅ ምክንያቱ በቁጥር ይመዘገባል። በዓለም አቀፉ ደረጃ 17 ማለት ተቀባዩ መስመር ይዟል ነው። 20 ማለት የተቀባዩ ስልክ ከኔትወርክ ውጭ ነው። 34 ማለት ነጻ መስመር አልተገኘም፣ 42 ማለት ስዊቹ ተጨናንቋል ነው። ማሽኑ በ20 እና በ34 መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ጥሪው በሁለትና በሦስት ኔትወርክ ሲያልፍ ቁጥሩ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል። መጨረሻ ላይ ደዋዩ የሚሰማው ቀድሞ የተቀዳ አንድ ጥቅል ድምፅ ይሆናል፤ የደወሉላቸውን ሰው ማግኘት አይቻልም የሚል ዓይነት።

ለመሐንዲሱ ይሄ ትንሽ ጉድለት ነው። ለሳንጃዋ እናት ግን “መስመር ተጨናንቋል” እና “ስልኩ ዝግ ነው” የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ጠብቂ ማለት ነው። ሁለተኛው ልጄ ምን ሆነ የሚያሰኝ ነው። ጥሪው ከኢትዮጵያ እንኳ ሳይወጣ ወድቆ ሳለ “ስልኩ ዝግ ነው” የሚል ስሜት የሚሰጥ ድምፅ ማሰማት ሰውን ያለ ምክንያት ማስለቀስ ነው። ለኔትወርኩም አይጠቅምም፤ የደነገጠ ሰው አሥር ጊዜ ይደውላል።

ትክክለኛው ድምፅ አጭር ነው። “መስመሩ ስለተጨናነቀ ጥሪዎ አልደረሳቸውም። እባክዎ አጭር መልእክት ይላኩ።” ይሄን መቅዳት ስንት ያስወጣል?

አጭር መልእክት የተባለውም ለይስሙላ አይደለም። የጽሑፍ መልእክት መስመር ይዞ አይጠብቅም፤ መንገድ ሲገኝ ይሄዳል፣ ካልተገኘ ተራውን ይጠብቃል። በፊደላችን ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ቢሆን 160 ይይዛል። 70 ግን አይበቃም እንዳይባል፣ “ደህና ነኝ መተማ ደርሻለሁ” ክፍተቱ ተቆጥሮ 16 ብቻ ነው።

ከውስጥ ወደ ውጭ

ሌላው ቸል የተባለ ነገር የጥሪው አቅጣጫ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የኔትወርክ አስተዳደር ምክረ ሐሳብ፣ ኢ.412 የሚባለው፣ በአደጋ ጊዜ የተወሰኑ መስመሮችን ለአንድ አቅጣጫ ብቻ መለየትን እንደ መሣሪያ ያቀርባል፤ ከአደጋው ቦታ ወደ ውጭ ለሚደረገው ጥሪ ቅድሚያ መስጠት። ምክንያቱ ቀላል ነው። መተማ የደረሰ ሰው አንዴ ወደ ቤቱ ደውሎ “ተሻግሬአለሁ” ቢል ወሬው ከእህት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት ይዳረሳል፤ ሊደውሉለት የነበሩ አሥር ሰዎችም ስልካቸውን ያስቀምጣሉ። አንድ የወጣ ጥሪ ብዙ የሚገቡ ጥሪዎችን ያስቀራል። ከሚያዝያ 2015 በኋላ በነበሩት ወራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ ሲገቡ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ይሄ ነበር፤ ከመተማ ለሚወጣው ጥሪ የተጠበቀ መስመር አለ ወይ?

ጃፓን ይህን በመከራ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ከኮቤው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ በ1998 ላይ 171 የሚባል ቁጥር ተጀመረ። በአደጋው አካባቢ ያለ ሰው በዚያ ቁጥር ድምፁን ያስቀምጣል፣ ዘመዶቹ ደውለው ያዳምጣሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መስመር ላይ መገናኘት የለባቸውም። በ2011 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሞባይል ኩባንያዎቹ ተራ የድምፅ ጥሪን እንደየኩባንያው ከ70 እስከ 95 በመቶ ገድበው ነበር። የዳታ አገልግሎቱ ግን በጣም ባነሰ መጠን ነው የተገደበው፤ ብዙ ሰው ወሬውን ያገኘው በዚያ ነው።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ እኛን በጣም ይመለከታል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዳታ ሲዘጋ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ይሄድ የነበረው ወሬ ሁሉ ወደ ድምፅ ጥሪ ይዞራል። ማለትም በጎርፍ ጊዜ ማስተንፈሻ የሚሆነው መንገድ ራሱ ተዘግቷል። በሱዳን በኩልም በጥር 2016 መጨረሻ ዜይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ ሦስቱም የተቋረጡበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከዚህ ወዲያ የሚሞከር ጥሪ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ከንቱ መሆኑን ለደዋዩ የሚነግረው ግን ያስፈልጋል።

መገደብና መዝጋት

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። “ወደ አንድ አካባቢ የሚሄድን ጥሪ የመገደብ ቁልፍ ለኩባንያ ወይም ለመንግሥት ስጡ ስትል፣ የመዝጊያ ቁልፍ ስጡ ማለትህ አይደለም ወይ?” የሚል። ኢንተርኔት ሲዘጋ ባየ ክልል ውስጥ ይሄ ስጋት ቀልድ አይደለም።

መልሴ ልዩነቱ በጽሑፍ ይቀመጥ ነው። ጥሪን ማራራቅ በመጠን ነው፤ ጫናው ሲቀንስ በራሱ ይነሳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ይገድባል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን አይነካም፤ ለደዋዩም ምክንያቱ ይነገረዋል። መዝጋት የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገደብ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንደተነሳ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደነበር ተመዝግቦ ለሕዝብ መውጣት አለበት። የማይመዘገብ ገደብ ከመዝጋት አይለይም።

ይህን ለማዘዝ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ኩባንያዎች እንዲተሳሰሩና የአገልግሎት ጥራታቸው እንዲጠበቅ ለመቆጣጠር ጭምር ነው። ከእሱ ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ የኢንተርኮኔክሽን ስምምነት የተራውን ቀን ትራፊክ ብቻ ሳይሆን የመጨናነቅ ምልክት መለዋወጥንና ለምልክቱ መታዘዝን ግዴታ ያድርግ። ሁለተኛ፣ የጥራት ሪፖርት በወር አማካይ አይሁን። የፋሲካ ዋዜማ ሦስት ሰዓት በ720 የወሩ ሰዓታት ውስጥ ሲሟሟ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። የከፋው ሰዓት ለብቻው፣ የወደቁት ጥሪዎችም በምክንያት ቁጥራቸው ተለይተው ይውጡ። ሦስተኛ፣ 34 እና 42 የራሳቸው የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ድምፅ ይቀዳላቸው።

የእኛም ድርሻ አለ፤ በክፉ ቀን አንድ ሰው ቤተሰቡን ወክሎ ይደውል፣ አጭር ያውራ፣ ካልተሳካ ጽሑፍ ይላክ። ይሄ ግን የተቋማቱን ድርሻ አይተካም። ከሦስቱ ደግሞ ሦስተኛው በጣም ርካሹ ነው፤ ለሚቀጥለው በዓል ሊደርስ ይችላል።